በመድን የጥገና ግምት ውስጥ የተቆጣጣሪ ክፍያና ኦቨርሄድ የት ይጻፋሉ?

በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በሌላ አደጋ ለተጎዳ ንብረት ካሳ ከመከፈሉ በፊት የጥገና ግምት ይዘጋጃል። ግምቱ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶና የስንት ቀን ሥራ እንደሚያስፈልግ ከነዋጋው የሚያሳይ ሰነድ ነው። በመድን ገቢውና በመድን ሰጪው መካከል ክርክር የሚያስነሳው ግን ብዙ ጊዜ የቆርቆሮው ቁጥር አይደለም። ቆርቆሮ ይቆጠራል። የሚያጨቃጭቁት በዐይን የማይታዩት ሁለት ወጪዎች ናቸው፤ ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው ክፍያና ተቋራጮች ኦቨርሄድ የሚሉት ቀጥተኛ ያልኾነ ወጪ።

ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ለምትገኘው ጉንደ ወይን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የባጃጅና የኢሱዙ ባለንብረት የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ይገደዳል። ቤቱን ወይም መጋዘኑን አስይዞ ከባንክ የሚበደር ነጋዴም ባንኩ የእሳት አደጋ መድን እንዲገባ ይጠይቀዋል። የማዳበሪያና የእህል መጋዘን ያላቸው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። አረቦኑን ሲከፍሉ ውሉን የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የጥገና ግምት ምን መምሰል እንዳለበት የሚጠይቁት ደግሞ ከእነርሱም ያነሱ ናቸው።

የሕጉ መነሻ አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መኾኑን ይደነግጋል፤ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የመድን ክፍሉን ስላልተካው የቀድሞው ድንጋጌ ዛሬም ይሠራል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንድን ወጪ ሁለት ጊዜ ማስከፈል አይቻልም። ለጥገናው የግድ የኾነን ወጪ መሰረዝም ካሳውን ጎዶሎ ያደርገዋል።

በሀገራችን የግንባታ ዋጋ ትንተና የተለመደው ቅጽ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ የዕቃ፣ የሰው ኀይልና የመሣሪያ። የሦስቱ ድምር ቀጥተኛ ወጪ ይባላል። ከግርጌው ኦቨርሄድና ትርፍ በመቶኛ ይታከላሉ። ከባሕር ዳር ብረትና ሲሚንቶ ለማምጣት የሚከፈለው የጭነት ዋጋ ከዕቃው ጋር የሚሄድ ቀጥተኛ ወጪ እንጂ ኦቨርሄድ አይደለም። ኦቨርሄድ የሚባለው የተቋራጩ ቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ፣ የፈቃድ እድሳት፣ የስልክና የምልልስ ወጪ፣ የሥራ ቦታ ጥበቃና የመሳሰለው ነው። ለአንድ ግድግዳ ወይም ለአንድ ጣሪያ ለይቶ ማስላት ስለማይቻል በመቶኛ ይደለደላል።

ፎርማኑ ግን በሰው ኀይል ዓምድ ውስጥ ከግንበኛውና ከአናጺው ጋር በስም ተጽፎ ይገኛል። ሙሉ ቀኑን በአንድ ሥራ ላይ ስለማያሳልፍ በድርሻ ይሰላል፤ ለምሳሌ አንድ አራተኛ። ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ይህንን ነው።

ለማስረዳት ያህል ብቻ በምናባዊ ቁጥር እንየው። ለተቃጠለ ሱቅ ዕቃና ጭነት 200 ሺህ ብር፣ የሰው ኀይል 60 ሺህ ብር ቢገመት ቀጥተኛ ወጪው 260 ሺህ ብር ይኾናል። በ60 ሺሁ ውስጥ በቀን 1 ሺህ ብር የሚከፈለው ፎርማን ለ48 ቀን በአንድ አራተኛ ድርሻ ተሰልቶ 12 ሺህ ብር ይዟል። ኦቨርሄድና ትርፍ 15 በመቶ ቢታሰብ 39 ሺህ ብር ይጨመርና ድምሩ 299 ሺህ ብር ይደርሳል። ተቋራጩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከኾነ 15 በመቶ ታክሱ ለብቻው ይሰላል።

አሁን ተቋራጩ «የቁጥጥር ወጪ 5 በመቶ» ብሎ 13 ሺህ ብር የሚያወጣ ሌላ መስመር ቢያክል፣ ፎርማኑ ሁለተኛ ጊዜ ተከፈለው ማለት ነው። የመድን ሰጪው መሐንዲስ ይህንን ቢሰርዝ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ቁጥጥሩና ኦቨርሄዱ አንድ ናቸው ተብሎ 39 ሺሁም አብሮ ሲሰረዝ ነው። ቢሮ የሌለው ተቋራጭ የለም፤ መድን ገቢው ይህን ገንዘብ ከኪሱ ሊከፍል ነው። በአንድ መስመር «ጠቅላላ ጥገና ከነሙሉ ወጪው» ተብሎ የተጻፈ ፕሮፎርማ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ገማቹ ምን እንደቀነሰ እንኳ ለመከራከር አይመችም።

የአማካሪ መሐንዲስ ክትትል ከዚህ የተለየ ነው። ፎቅ ቤት ተጎድቶ የምሰሶውን ጥንካሬ የሚመረምርና ሥራውን የሚቆጣጠር ባለሙያ ቢቀጠር ክፍያው የተቋራጩ ወጪ አይደለም። አንዳንድ የእሳት አደጋ ውሎች ይህንንና የፍርስራሽ ማንሻ ወጪን የሚሸፍን አንቀጽ አላቸው፤ ከሌለ አረቦን ጨምሮ ማስገባት ይቻል እንደኾነ መጠየቅ ይገባል።

በትንንሽ ከተሞች ባለቤቱ ራሱ አናጺና ግንበኛ ቀጥሮ የሚያሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ተቋራጭ ከሌለ የተቋራጭ ኦቨርሄድና ትርፍ መጠየቅ አያስኬድም። ነገር ግን ባለቤቱ ተቆጣጣሪ ቀጥሮ ከኾነ ክፍያው እውነተኛ ወጪ ነው፤ የቀን መቆጣጠሪያ ወረቀትና የተፈረመ የክፍያ ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ሱቁን ዘግቶ ለሦስት ሳምንት ራሱ የቆመ ሰው የጊዜውን ዋጋ በኋላ ለማስቆጠር ይቸገራል። ስለዚህ ማን እንደሚቆጣጠርና በምን ያህል ክፍያ እንደኾነ ሥራው ሳይጀመር ከመድን ሰጪው ጋር በጽሑፍ መተማመን ይሻላል።

ለተሽከርካሪ ጥገና ነገሩ ቀለል ይላል። ጋራዦች የአውደ ጥናቱን ኪራይና የዋና መካኒኩን ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ዋጋ ውስጥ ያካትቱታል። «የክትትል» ተብሎ የተለየ መስመር ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ። የጉተታ ወጪ ግን ራሱን የቻለ ነው።

ኦቨርሄድ አደጋ ሳይደርስም ዋጋ አለው። ቤቱን ለመድን ሲያስገምት የዕቃና የእጅ ዋጋን ብቻ የቆጠረ ሰው ንብረቱን ከዋጋው በታች ያስመዘግባል። የአንድ ሚሊዮን ብር ቤት በ700 ሺህ ብር ቢመዘገብና የ300 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር ካሳው በተመጣጣኝ ተሰልቶ 210 ሺህ ብር ይኾናል። ቀሪው የባለንብረቱ ነው። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት ሁኔታ የመድኑን መጠን በየዓመቱ እድሳት ላይ ማስተካከል ለዚህ ነው።

ብዙ ውሎች በጦርነትና በሁከት የሚደርስን ጉዳት እንደማይሸፍኑም ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል።

ግምቱ የቀነሰበት ሰው በቅድሚያ የትኛው መስመር ለምን እንደተቀነሰ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መድን ሰጪውን ይጠይቅ። መልሱ ካላረካው ፈቃድ ያለው ገለልተኛ ጉዳት ገማች ማስገመት፣ የመድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት፣ ውሉ በሚፈቅደው መሠረት ወደ ግልግል ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አደጋው መድረሱን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ እንዳለበትና ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድም ያስታውስ።