የዕለት ጸሎት ታሪክ በአገራችን

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን በሐዋሳ ከተማ የሚሆነውን ያየ ሰው፣ ሕዝባችን ጸሎት ወዳድ ነው ብሎ ቢፈርድ አልተሳሳተም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚመጡት፣ ከሻሸመኔና ከይርጋ ዓለም፣ ከዲላና ከወላይታ ሶዶ የሚመጡትም ምእመናን ቅዱስ ገብርኤልን ለመሳለም ከዋዜማው ጀምሮ ቅጽሩንና መንገዱን ይሞሉታል። ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ ስለት የደረሰለት ሰው እልልታው አንድ ላይ ሲሆን ከተማዪቱ ለዚያ ቀን ሌላ ከተማ ትመስላለች። በማግሥቱ ግን እንግዳው ወደየአገሩ ይሄዳል፤ ነጋዴውም ሱቁን፣ ጸሐፊውም ቢሮውን ይከፍታል። ስለ በዓሉ ቀን የሚጽፍ አይታጣም፤ ስለ ማግሥቱ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ማግሥቱ ነው፤ ይኸውም ሰው በዓል በሌለበት ቀን፣ በቤቱና በሥራው መካከል ስለሚያደርሰው ጸሎት ነው።

ነገሩ ከበዓሉ የራቀ አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚታሰበው ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ በባቢሎን ከእቶነ እሳት የዳኑበት ነው። እነዚህ ወጣቶች በእሳቱ ውስጥ ያደረሱት ጸሎት ከመዝሙረ ዳዊት በስተ ኋላ፣ ከነቢያት ጸሎት ጋር ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ዳዊት የሚደግም ሰው ጸሎታቸውን ለመስማት ታኅሣሥን አይጠብቅም፤ በየሳምንቱ ያገኘዋል። ባልንጀራቸው ነቢዩ ዳንኤልም መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ንጉሡ ጸሎትን የሚከለክል አዋጅ ባወጣ ጊዜ ዳንኤል አዲስ ነገር አላደረገም፤ ቀድሞ ያደርገው የነበረውን አደረገ እንጂ። ከሳሾቹም ሊያጠምዱት የቻሉት ልማዱን ስለሚያውቁ ነው። ሰዓት የሌለው ጸሎት ቢሆን ኖሮ በምን ይይዙት ነበር?

ስለ ሰዓት ካነሣን ዘንድ፣ በየቀኑ በእጃችን ላይ እያየነው የማናስተውለውን አንድ ነገር መናገር ይገባናል። በግብረ ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስ የወረደው ከቀኑ በ3 ሰዓት ነው፤ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሊጸልይ ወደ ሰገነት የወጣው በ6 ሰዓት ነው፤ ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በ9 ሰዓት ነው። የአውሮፓ ሰው ይህን ሲያነብ ቍጥሩን ወደ ራሱ ሰዓት መመለስ፣ ወይም በኅዳጉ የተጻፈ ማስታወሻ መፈለግ አለበት። የእኛ ሰው ግን የሐዋርያቱን ሰዓት በእጁ አስሮት ይሄዳል፤ ሐዋሳ አውቶቡስ ተራ ላይ በ3 ሰዓት የሚነሣ መኪና ጴንጤቆስጤ በሆነበት ሰዓት ይነሣል። ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንዳጣው አንድ ምሳሌ እንበል። እንግሊዞች ቀትርን የሚጠሩበት «ኑን» የሚለው ቃል «ኖና» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ዘጠነኛ ማለት ነው። የዘጠኝ ሰዓት ጸሎትና ከጸሎቱ በኋላ የሚቀርበው ማዕድ ቀስ በቀስ ወደ ቀትር ስለ ተሳቡ ስሙም አብሮ ተሳበ። በእኛ ግን በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቈይ ሰው ዛሬም ስላለ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ እንደ ሆነ ቀርቷል።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ጸሎት በሚናገርበት በ14ኛው አንቀጽ በቀንና በሌሊት የሚጸለይባቸውን ሰባት ጊዜያት ይቈጥራል። እነዚህም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ይህን ሁሉ ሳያስታጕል የሚፈጽም ማን ነው ቢባል፣ መነኵሴ ነው የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። እውነት ነው፤ የሰዓታት ሥርዓት ያደገው በገዳም ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ሲደርሱ፣ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው ከግብጽ ሰዓታት ጋር ለአገራችን የራሷን ሀብት ጨመሩላት። ነገር ግን ስለ እኒህ አባት የሚተረከውን ልብ በሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ ሳሉ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ይቸገሩ ነበር፤ ለገዳሙም እህል እየፈጩ ያገለግሉ ነበር ይባላል። የሌሊቱን ምስጋና ለኢትዮጵያ የደረሰው ሰው የወፍጮን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው። ወፍጮ በአገራችን የሴቶችና የአገልጋዮች ሥራ ሆኖ ሲናቅ የኖረ ነውና፣ ይህ ትረካ በገድሉ የተጠበቀው በከንቱ አይመስለንም።

ከአባ ጊዮርጊስ በኋላ ብዙም ሳይቈይ የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ጸሎትን ከገዳም አውጥቶ በሕዝቡ ሁሉ ቤት ሊያስገባ ተነሣ። ያየው ነገር አሳዝኖታል፤ ስሙ ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ ሲታመም ወደ ጠንቋይ ይሄዳል፤ ለደስክና ለዲኖ ይሠዋል። ስለዚህ ካህናት በቅዳሜና በእሑድ ሕዝቡን ሰብስበው ሃይማኖትንና ጸሎትን እንዲያስተምሩ አዘዘ፤ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አደረገ፤ መጻሕፍትም ጻፈ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚህ አልፎ ግን ሰው ሁሉ የአብ የወልድ የመንፈስ ቅዱስን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የካደበትንም ቃል በእጁ ላይ እንዲያስጽፍ በአዋጅ አስገደደ፤ እንቢ ያለውንም ቀጣ። የንጉሡን ቅንዓት እናከብራለን፤ ትምህርቱም ፍሬ አፍርቷል። በግንባር ላይ የተጻፈው ግን ከእርሱ ዘመን አላለፈም። ያለፈው በልጅነት በቃል የተያዘው ነው።

በቃል ስለ ተያዘው መናገር ስለ ዳዊት መናገር ነው። በአገራችን በእጅ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ እንደ መዝሙረ ዳዊት የበዛ የለም። ምክንያቱም ዳዊት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የቤት ዕቃ ነበረ። ልጅ ፊደል ከቈጠረ በኋላ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌሉን ያነባል፤ ከዚያም ወደ ዳዊት ይገባል። ዳዊቱን በጨረሰ ቀን አባትና እናት ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብራሉ፤ ልጁም «ዳዊት ደገመ» ይባላል፤ ማንበብ የሚችል ሰው ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ማንበብ መቻልና መጸለይ መቻል በአንድ ቀን፣ በአንድ ድግስ የሚመረቁ አንድ ነገር ነበሩ። ከአንባቢዎቻችን መካከል ስንቱ ይህን ድግስ ያስታውስ ይሆን?

የጸሎቱም አከፋፈል ጥበብ አለበት። 150ው መዝሙር እያንዳንዱ አሥር አሥር ሆኖ «ንጉሥ» በሚባል ክፍል ይቈጠራል፤ ሁሉም 15 ንጉሥ ይሆናል። ይህን በአንድ ቀን የሚጨርስ መናኝ አለ። ባለ ትዳሩና ባለ ሥራው ግን በሳምንት ይከፍለዋል። በብዙ ቦታ እንደ ተለመደው ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ንጉሥ ይደርሳል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይሆናል። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ገበሬው ጥማዱን ሳይጠምድ፣ ዳኛውም ችሎት ሳይቀመጥ፣ የዕለቱን ድርሻ ይጨርሳል። ዕዳው የዚያ ቀን ዕዳ ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ያጐደለ ሰው ረቡዕ አዲስ ሆኖ ይጀምራል። በገዳም የተወለደው የሰባት ጊዜ ጸሎት ለባለ ሥራ ሰው የተመቸው በዚህ መልክ ይመስለናል።

የብራና ዳዊት ያየ ሰው የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። ጸሐፊው እያንዳንዱን ስንኝ በአንድ መስመር ለመጨረስ ስለሚጥር፣ መስመሩ ሲረዝም ወደ ኅዳጉ ይሻገራል፤ የተረፈውም ቃል ከበላዩ ወይም ከበታቹ ይንጠለጠላል። ዓይን ሳይሳሳት እንዲከተል የተደረገ ነው። በገጹ ዳር ቀይና ሰማያዊ ክር የተሰፋበትም አለ፤ በጨለማ ቤት በጣት ተዳስሶ የዕለቱ ክፍል እንዲገኝ ይጠቅማል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ገብቶ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ወታደሩም ወደ ዘመቻ፣ ነጋዴውም ወደ ሩቅ ገበያ ይዞት ይሄዳል።

ሩቅ ከሄዱትም ዳዊቶች አንዱ ሮማ ደርሷል። በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተጠራ የኢትዮጵያውያን መነኰሳት ማረፊያ ነበረ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኰሎኝ ከተማ ካህን እነዚህ መነኰሳት ሲጸልዩ ሰምቶ በቋንቋቸው ተማረከ፤ አባ ቶማስ ከሚባል ኢትዮጵያዊ ተምሮም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን ከነቢያት ጸሎትና ከመኃልየ መኃልይ ጋር በሮማ አሳተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን የከለዳውያን መስሎት ተሳስቷል፤ ይህ ስሕተቱ ግን ይቅር ይባልለታል። መነኰሳቱ ሊያስተምሩት አልተነሡም፤ የዕለት ጸሎታቸውን ያደርሱ ነበር እንጂ።

ዳዊት ያልደገመው ሰውስ? በቀድሞው ዘመን የሚበዛው እርሱ ነበረ፤ ይልቁንም ሴቶች ወደ ንባብ ቤት የሚላኩት ጥቂት ነበሩ። የእነርሱ መጽሐፍ መቍጠሪያ ነበረ። 41 ወይም 64 ፍሬ ያለውን መቍጠሪያ ይዘው አቡነ ዘበሰማያትንና ኪርያላይሶንን እየቈጠሩ ያደርሳሉ። ከዚያም በቀር ጸሎት በንግግራቸው ውስጥ ገብቷል፤ «እንዴት አደራችሁ» ለሚለው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ቤተ ሰቡ አሜን ይላል፤ ማኅበርና ሰንበቴም ጎረቤትን በአንድ ጽዋ ዙሪያ ያቆማል። ይህ ሁሉ ልማድ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ልማድ መሆኑን አንክድም፤ የዳንኤልም ጸሎት ልማድ ነበረ።

ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ሐዋሳ እንደ ጎንደር ወይም እንደ ላሊበላ የጥንት ከተማ አይደለችም፤ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በሐይቁ ዳር የተቈረቈረች፣ ከይርጋ ዓለም በኋላ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የሆነች፣ ዛሬም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሆነች ናት። ሰዎቿ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ስለ ሆኑ ጸሎቷም በብዙ አንደበት ነው። በዚህ ከተማ የሚኖሩት የመካነ ኢየሱስና የቃለ ሕይወት ምእመናን በማለዳ በሲዳምኛና በወላይትኛ ሲጸልዩ ይሰማሉ። የእነርሱም ታሪክ ከቤት ጸሎት ጋር የተያያዘ ነው። በጎረቤታችን በወላይታ፣ ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ የተጠመቁት 50 ያህል ብቻ ነበሩ። እኒያ ጥቂቶች ያለ አስተማሪ፣ በእስራትና በግርፋት መካከል፣ በየጎጇቸው እየተሰበሰቡ ጸለዩ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ብዙ ሺህ ሆነው አገኟቸው። በሥርዓት ከእነርሱ ጋር ባንስማማም፣ በዳንኤል መስኮት የሚያልፍ ሰው ይህን ታሪክ ሊንቀው አይገባም።

እንግዲህ የዕለት ጸሎት በአገራችን ጸንቶ የቈየው በሁለት ገመድ ታስሮ ነው፤ አንዱ ንባብ ነው፣ ሁለተኛው ሰዓት ነው። ዛሬ ሁለቱም ላልተዋል። ልጆቻችን ፊደልን የሚማሩት ከሌላ መጽሐፍ ነው፤ ማንበብን ከቻሉ በኋላ መጸለይን ለብቻው መማር አለባቸው፤ ብዙዎችም ሳይማሩት ያልፋሉ። በዚህ ዘመናዊውን ትምህርት አንወቅስም፤ የኛን ልጆችም ወደዚያው ልከናል። ሰዓቱም ቢሆን በፈረቃ ተከፍሏል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ለነግህ የተመደበው ሰዓት ለእነርሱ ወደ ሥራ የመሄጃ ሰዓት ነው። የሠርኩም ሰዓት እንዲሁ በድካም ያልፋል። ቀሳውስቶቻችን ስለ ዕለት ጸሎት ሲያስተምሩ የሚናገሩት ጥማዱን በራሱ ሰዓት ለሚጠምድ ገበሬ ነው ወይስ ለእነዚህ ልጆች? ይህን ጥያቄ ለካህናቱ በአክብሮት እናቀርባለን። አባቶቻችን የገዳሙን ጸሎት ለገበሬው በሳምንት መክፈል ችለው ነበር፤ ለባለ ፈረቃዋም የሚከፍልላት ያስፈልጋታል።

ባለፈው ወር ከታቦር ተራራ በታች ካለው መንገድ ዳር፣ ገና ሳይነጋ፣ የሠራተኞች አውቶቡስ የሚጠብቁ ልጃገረዶች ቆመው አየን። ቀዝቃዛ ነፋስ ከሐይቁ ይነፍስ ነበር። ከመካከላቸው አንዲቱ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የእጅ ስልኳን መብራት ዝቅ አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብ ነበር። ሽማግሌነታችን ስለ ፈቀደልን ጠጋ ብለን ምን እንደምታነብ ጠየቅናት። «የማክሰኞ ውዳሴ ማርያም ነው፣ አባባ፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ ይደርስልኛል» አለችን። ዕለቱም ማክሰኞ ነበረ። አውቶቡሱ ሲመጣ ጥቂት መስመር ቀርቷት ነበርና፣ ስልኩን ሳታጠፋ ገባች።