የኢራንና የኢራቅ ጦርነት በኩርዶች በኩል ሲታይ

ከ1980 እስከ 1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ተደረገው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የሻት አል ዓረብ ወንዝ ጠብ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው የወንዙ ጉዳይ ከኩርዶች ጉዳይ ተለይቶ ሊታይ አለመቻሉን ነው።

ኩርዶች በቱርክ፣ በኢራን፣ በኢራቅና በሶርያ ተከፋፍለው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ኢራንና ኢራቅ በየአገራቸው ያመፁባቸውን ኩርዶች እየወጉ የጎረቤታቸውን ዐማፅያን ይረዱ ነበር።

የ1937 ውል የወንዙን አብዛኛውን ክፍል ለኢራቅ ሰጥቶ ነበር። የኢራኑ ሻህ በ1969 ውሉን አፈረሱ፤ በባግዳድ ላይ ለተነሡት ለሙላ ሙስጠፋ ባርዛኒም መሣሪያና ገንዘብ ሰጡ። የኩርዶች ጦርነት የከበደው የባግዳድ መንግሥት በማርች 1975 አልጄርስ ላይ ከሻህ ጋር ተስማማ። ይኸውም ድንበሩ በወንዙ ጥልቅ መስመር እንዲሆን ባግዳድ ሲቀበል፣ ሻህ በበኩላቸው ለባርዛኒ የሚሰጡትን እርዳታ አቋረጡ። ዐመፁም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰበረ። እንግዲህ ሻህ የወንዙን ድርሻ የገዙት በኩርዶች ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ተጨንቆ የተዋዋለ ግን ቂሙን አይረሳም። ሳዳም ሑሴን ራሳቸው የተስማሙበትን ውል ሴፕቴምበር 17 ቀን 1980 ሻሩ፤ ከአምስት ቀን በኋላም ጦራቸው ኢራንን ወረረ።

በጦርነቱም ጊዜ ያው ዘዴ ተደገመ። ኢራቅ በዶክተር ቃሲምሉ የሚመራውን የኢራን ኩርዶች ፓርቲ፣ ኢራን ደግሞ የባርዛኒን ልጆች ረዳች። በ1983 የኢራን ጦር በባርዛኒ ተዋጊዎች እየታገዘ ሐጅ ዑምራንን ቢይዝ፣ የባግዳድ መንግሥት ብዙ ሺህ የባርዛኒ ጎሣ ወንዶችን አፍሶ ወሰደ፤ አልተመለሱም። ሶርያ በ1982 የኢራቅን የዘይት ቧንቧ ስለ ዘጋች፣ በቱርክ የሚያልፈው ቧንቧ ለባግዳድ የሕይወት መስመር ሆነ፤ ስለዚህም በ1983 የቱርክ ጦር ኩርዶችን እያሳደደ የኢራቅን ወሰን ሲሻገር ባግዳድ ፈቀደች። በማርች 1988 የኩርድ ተዋጊዎች ከኢራን ጦር ጋር ሐለብጃን ከያዙ በኋላ፣ የኢራቅ አውሮፕላኖች በከተማው ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ፤ 5,000 ያህል ሰው አለቀ።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ተረቱ ለሐለብጃ ሕፃናት ይስማማል፤ ለኩርድ መሪዎች ግን በሙሉ አይስማማም። እነርሱ የጎረቤትን እርዳታ የተቀበሉት ዐውቀው ነው፤ ሌላ በር አልነበራቸውምና። ሆኖም ረጂው መንግሥት የሚሻው የጠላቱን መድከም እንጂ የኩርዶችን ማሸነፍ አልነበረም። ስለዚህ የዚህን ጦርነት ምክንያት የሚያጠና ተማሪ በድንበሩ ውል ላይ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን፣ ውሉ በማን ኪሣራ እንደ ተፈረመ መመርመር ይገባዋል ብለን እናምናለን።