ዜና ባሌ፦ ከጠላት መውጣት በኋላ

በ1933 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ ሚያዝያ 27 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ብዙ አገር የቀድሞ ገዥውን ከስደትም ከበረሃም ሲቀበል፥ ባሌ የሚቀበለው አልነበረውም፤ ገዥው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ሆነው ጣልያንን ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 በጠላት እጅ ተገድለዋልና። ነፍሳቸውን ይማር።

በነሐሴ 1934፥ በዘመነ ማርቆስ፥ የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ወጣ። ገዥ በግዛቱ ግብር እንዳይተዳደር፥ ደመወዙን ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲቀበል ታዘዘ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ቀድሞ ሹም የሚበላው ከገባሩ ጎተራ ነበርና። ኢትዮጵያ በ12 ጠቅላይ ግዛት ስትከፈል ግን ባሌ ለብቻው አልቆመም፤ አውራጃ ተብሎ ከሐረርጌ ጋር ተጨመረ። ከጎባ ይግባኝ የሚል ሰው ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ ሐረር ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት። ድሀ ይህን እንዴት ይችለዋል?

ስለ ገበያውም እንናገር። ጠላት ያስገደደው ሊሬ ተናቀ፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሽልንግና ነባሩ ማርትሬዛ ጎን ለጎን ይዘዋወሩ ጀመር። በሮቤና በጎባ የደጋው ገብስና ቅቤ፥ ከሐረና ጫካ የሚወጣው ማርና ቡና ለሽያጭ ይቀርብ ነበር። ነጋዴ ማርትሬዛውን ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ነጥቦች በጥፍሩ ይቆጥር ነበር፤ ከጎደሉ ወይም ከደበዘዙ ይመልሰው ነበር። በሐምሌ 1937 የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ወጣ፤ ሰው ወረቀቱን እንዲያምን ታስቦም ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን ተሠራ። መልካም ምክር ነበር።

የመሬት ግብርም በ1934 ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15፥ ለም ጠፍ 10፥ ጠፍ 5 ብር ሆኖ ተቆረጠ። ነገር ግን መሬቱ በማን እጅ እንዳለ አልተመረመረም። ከጣልያን በፊት በባለ ርስቱ ደጅ ይቆም የነበረው ገባር፥ ሰንደቅ ዓላማ ሲመለስ እርሱም ወደዚያው ደጅ ተመለሰ። በኋላ መሬቱ እንዲለካ ቀላድ ሲጣል ውዝፍ ግብር ያለበት ብዙ ሰው መሬቱን ተነጠቀ። እኔ በዚህ ሹማምንቱን እወቅሳለሁ፤ ግምጃ ቤቱን አቀኑ፥ አራሹን ግን አላዩም።

ባሌ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት፥ ጎባም መናገሻው የሆኑት በ1950ዎቹ መባቻ ነው። ዘግይቶ ነበር። በ1955 የባሌ ቆላ በዋቆ ጉቱ መሪነት አመጸ፤ ዋቆ ጉቱም እስከ 1962 ድረስ እጃቸውን አልሰጡም።