ታነቁ ወይስ ታፈኑ?

ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዋዜማው ታመው መሞታቸውን አስነገረ። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የተሰጠውን ምክንያት አልተቀበሉትም። ከተማውም አላመነም፤ ገሚሱ «አንቀዋቸው ነው» አለ፣ ገሚሱ «በትራስ አፍነዋቸው ነው»።

ሁለቱ ወሬዎች አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ትንፋሽ ተቋርጧል። አስከሬን ለሚመረምር ሐኪም ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው። ራሱን በሰቀለ ሰው አንገት ላይ የገመዱ ሰንበር ወደ ቋጠሮው ሽቅብ ይወጣል። ሌላ ሰው በገመድ ያነቀው እንደሆነ ሰንበሩ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን አግድም ይዞራል። በእጅ ሲሆን የጥፍር ጭረትና የጣት በለዝ ይታያል፤ አንዳንዴም ከምላስ ሥር ያለችው፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ቀጭን አጥንት ተሰብራ ትገኛለች። ይህች አጥንት በሽማግሌ ላይ ቶሎ ትሰበራለች፣ በልጅ ላይ ግን ትታጠፋለች እንጂ እምብዛም አትሰበርም። ትራስስ? ቢበዛ ከንፈር ከጥርስ ጋር ተጨፍልቆ ከውስጥ ይቆስላል። መታገል በማይችል አዛውንት ፊት ላይ ሲጫን ግን ይህም ላይገኝ ይችላል። ንጉሡ የ83 ዓመት ሰው ነበሩ።

ይህን ነፍሰ ገዳዮችም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1828 በስኮትላንዷ ኤደንብራ በርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰው ገድለው ሬሳውን ለአካል ጥናት መምህሩ ለሮበርት ኖክስ ሸጡ። ብዙዎቹን አስክረው ካፈኗቸው በኋላ ስለሆነ የሸጧቸው፣ ገዢውን የሚያስደነግጥ ቁስል አልነበረም (ገዢውም ማየት የፈለገ አይመስለኝም)። የመጨረሻዋን ሟች የመረመሩት ሐኪም ሮበርት ክሪስቲሰን መታፈኗን ቢጠረጥሩም በምርመራ ብቻ ሊያረጋግጡት አልቻሉም። በርክን ለስቅላት ያበቃው የባልንጀራው የሄር ምስክርነት ነው።

የንጉሡ አጽም በ1984 ዓ.ም. ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ወለል ሥር ሲወጣ ወደ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ሰንበር የሚይዝ ቆዳ፣ በለዝ የሚቋጥር ሥጋ፣ የቆሰለ ከንፈር የለም። አጥንት ስለ መታነቅ አንድ ነገር ይል ይሆናል፤ ስለ ትራስ ግን ምንም አይልም። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት የንጉሡ መገደል ከክሶቹ አንዱ ነበር፤ እዚህም እንደ ኤደንብራው ሁሉ መጠበቅ የነበረበት የሰው ቃል ነው። አጽሙ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።