የቆቃ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች፤ አመጣጣቸውና ኑሯቸው

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፥ ከሞጆ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ በስተግራው ሰፊ ውሃ ያያል። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ውሃ እንደ ዝዋይና እንደ ላንጋኖ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሐይቅ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ሐይቅ ሰው የሠራው ነው። ከ1960 በፊት በዚያ ስፍራ የነበረው የአዋሽ ወንዝ ሜዳ፥ ግጦሽና እርሻ ነው። ስለ ግድቡና ስለሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኀይል ብዙ ተነግሯል፤ በውሃው ዳር ስለሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህ ሰዎች ከየት እንደ መጡ፥ በምን እንደሚኖሩና ኑሯቸው በምን እንደሚታወክ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከአንድ የሕግ ቍጥር በቀር፥ የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የውሃው አመጣጥ

የቆቃ ግድብ ታሪክ ከጠላት ወረራ ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል አዝዞ ነበር። ይህ ሳይፈጸም ብዙ ጊዜ ቈይቶ፥ በ1956 ሁለቱ መንግሥታት በ16.3 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፤ ከዚሁም ካሣ ለግድቡ ሥራ ዋለ። ሥራው በ1960 ተፈጽሞ፥ 43 ሺህ ኪሎ ዋት ያህል ኀይል ማመንጨት የሚችል ጣቢያ ቆመ። ከግድቡ በስተኋላ የተኛውም ውሃ ሲሞላ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነበረው።

የግድቡ ዓላማ ሁለት ነበር፤ ይኸውም አንደኛው ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ከተሞች መብራትና የፋብሪካ ኀይል መስጠት፥ ሁለተኛው የአዋሽን ጎርፍ አስታግሦ በበጋም በክረምትም የተመጠነ ውሃ ወደ ታች መልቀቅ ነው። በ1954 የተከፈተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻና ከዚያ በታች የተስፋፉት እርሻዎች ከዚህ ተጠቅመዋል። በ1966 እና በ1971 የተሠሩት የአዋሽ ሁለተኛና ሦስተኛ ጣቢያዎችም በዚሁ ውሃ ይሠራሉ። ዓሣ ግን የግድቡ ዓላማ አልነበረም። ሐይቁ «ገሊላ» ተብሎ መሰየሙ የወንጌሉን ዓሣ አጥማጆች ቢያስታውሰንም፥ ግድቡ ሲታቀድ የታሰበው መብራቱና መስኖው ነው።

ውሃው ሲተኛ ባለቤት የሌለው መሬት አልሸፈነም። በአዋሽ ዳር የጅሌ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩ ነበር። የወንዝ ዳር ሣር ለከብት አርቢ በበጋ ወራት የሕይወት መጠባበቂያ ነው፤ ከፍ ያለው ሜዳ ሲደርቅ ከብቱ የሚተርፈው በዚያ ነውና። ያ ሣር ከውሃ በታች ሆነ። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ሕዝብ ታሪክ የሚጀምረው ከዓሣ ማግኘት ሳይሆን መሬት ከማጣት ነው።

ዓሣ ማጥመድ እንዴት ተለመደ

በአገራችን ብዙው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዓሣን የዕለት ምግቡ አላደረገም። በጣና ዳር ያሉት ወይጦዎች፥ በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት ዛዮች፥ በባሮ ዳር ያሉት አኙዋኮችና ኑዌሮች ዓሣ በማጥመድ የታወቁ ናቸው። በቆቃ አካባቢ ግን ሀብት የሚባለው ከብት ነበር። ቢሆንም በአዲሱ ውሃ ውስጥ ዓሣው ተራባ፤ ቆሮሶ፥ አምባዛና ቢልጫ በብዛት ተገኙ፤ ዘሩ ከውጭ አገር የመጣው ዱባ የሚባለው ዓሣም ተጨመረ።

የዓሣ አጥማጁን ቍጥር ያበዛው የመሬት ጥበት ነው ብለን እናምናለን። በ1975 የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬቱን ለገበሬው አከፋፈለ፤ ነገር ግን ቤተ ሰብ ሲበዛ መሬቱ አልሰፋም፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ ከአባቱ ማሳ የሚደርሰው ጥቂት ሆነ። ሐይቁ ግን በር አልነበረውም። መረብ የገዛ ወይም ለባለ መረብ የተቀጠረ ሁሉ ገባበት። በደርግ ዘመን አጥማጆቹ በማኅበር ተደራጅተው ለመንግሥት የዓሣ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ እንዲሸጡ ተደረገ። ከ1991 ወዲህ ደግሞ የነጋዴው እጅ እየበረታ ሄደ።

የሥራውና የገበያው ሁኔታ

እኛ በሐይቁ ዳር ባደረግነው አጭር ጕብኝት ሥራው እንዲህ ሲሠራ አየን። አጥማጆቹ ወደ ማታ መረባቸውን በውሃ ውስጥ ዘርግተው፥ ሲነጋ ሄደው ይሰበስባሉ። አንዳንዶቹ የእንጨት ጀልባ አላቸው፤ የሌላቸው ከሌላ ሰው ይከራያሉ። ከተገኘው ዓሣ አንዱ ድርሻ ለጀልባው ባለቤት፥ አንዱ ለመረቡ ባለቤት ይሰጥና የቀረውን ቀዛፊዎቹ ይካፈላሉ። ስለዚህ ጀልባም መረብም የሌለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ የሚወስደው ትንሹን ነው። ጕማሬ መረቡን ከቀደደው ደግሞ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል። በዳር ላይ ልጆች ዓሣውን ይገፍፋሉ፤ አባ ኮዳዎችም አጥንቱንና ሆድ ዕቃውን ለመልቀም ዙሪያውን ይቆማሉ።

በረዶ በሌለበት ስፍራ ዓሣ እስከ ማታ አይቈይም። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ዋጋ የሚቈርጠው እርሱ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ይወርዳል። በጾሙ ወራት የተበደረ አጥማጅ ዕዳውን የሚከፍለው በርካሹ ወራት ነው።

አንድ ሸምገል ያሉ አጥማጅ ስለ ውሃው ስንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ ገበሬ ዝናቡን ከሰማይ ይጠብቃል። የእኛ ውሃ ግን የሚመጣው ከሰማይ፥ የሚሄደው በሰው እጅ ነው። ውሃውን የሚለቀው ሰው እኛን አያውቀንም፤ እኛም እርሱን አናውቀውም።» ነገሩ እውነት ነው። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ለኀይልና ለመስኖ ሲለቀቅ ዳሩ እየራቀ ይሄዳል። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው የዳር ውሃ ነውና፥ ውሃው ሲሸሽ የዓሣው ጫጩት መጠለያውን ያጣል። የሸሸውን መሬት ደግሞ ሽንኵርትና በቆሎ የሚዘራበት ይይዘዋል።

የውሃው መበላሸትና ጤና

አዋሽና ሞጆ ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚያመጡት ውሃ ብቻ አይደለም። ከተራቈተው ደጋ የሚታጠበው አፈር ሲከማች ከ1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዝ የነበረው ሐይቅ፥ በዐርባ ዓመት ውስጥ ከመጠኑ ሲሶ የሚጠጋውን አጥቷል። የአዲስ አበባ ቈሻሻ በአቃቂ በኩል፥ የቆዳ ፋብሪካዎች ዝቃጭ በሞጆ በኩል ይገባል። በአንዳንድ ወራት ውሃው መርዝ ሊኖረው በሚችል አረንጓዴ ዋቅላሚ ይሸፈናል፤ ይህንኑም ውሃ የሚጠጡ ቤተ ሰቦች አሉ። እንቦጭ የሚባለውም አረም በዚህ ሐይቅ መታየቱ የተገለጠው በ1965 ነው። የወባ ተመራማሪዎችም በሐይቁ አጠገብ ያሉት መንደሮች ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አረጋግጠዋል። በወባ የተኛ አጥማጅ ደግሞ የዕለት ገቢ የለውም።

መደምደሚያ

በ2003 የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 315/1995 ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው፥ የማጥመጃውም ዕቃ እንዲወሰን ደንግጓል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ዓሣ ሲያንስ አጥማጁ የመረቡን ዓይን ያጠብባል፤ ዓይኑ ሲጠብ ጫጩቱ ይያዛል፤ ጫጩቱ ሲያልቅ ዓሣው ደግሞ ያንሳል። ይህን ክፉ ዙር በቅጣት ብቻ ለመቍረጥ የሚቻል አይመስለንም። አጥማጁ የሚያጠፋው ስላላወቀ ሳይሆን ሌላ እንጀራ ስለሌለው ነውና።

በአጥማጆቹ ላይ ሁሉንም ጥፋት መጫንም ፍርድ ማጓደል ነው። አፈሩን ያመጣው፥ ዝቃጩን የለቀቀው፥ ውሃውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እነርሱ አይደሉም። ስለዚህ ስለ ውሃው አለቃቀቅ በሚመከርበት ጊዜ የአጥማጆች ማኅበራት ድምፅ ይሰማ ዘንድ፥ በዳርም የበረዶ ቤትና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ይገኝ ዘንድ ማሳሰብ እንወዳለን።

ይህን የምንለው ስለ ቆቃ ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ንጋት የተባለ ሐይቅ ፈጥሯል። በዚያም ዳር መረብ የሚጥሉ ወጣቶች ይበዛሉ። የቆቃ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በላይ የተማሩትን እነዚያ ወጣቶች ከመጀመሪያው እንዲያውቁት ማድረግ የሚችለው፥ ጊዜው ሳያልፍ የሚያስብ መንግሥትና የሚመረምር ተማሪ ነው።