የአምስት ዓመት ዕዳ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካዛንቺስ ስም ከኛ ቋንቋ የተወለደ አይደለም። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፥ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራ ድርጅት በዚያ ቤቶች አቆመ፤ «ካዛ» ማለት ቤት ነው፥ «ኢንቺስ» ደግሞ የድርጅቱ አኅጽሮተ ስም ነበረ። በ2017 ዓ.ም. ከሠፈሩ ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ተነሣ፤ ስሙ ግን አልተነሣም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ማንሣቴ «ጥልያን እኮ መንገድ ሠርቶልናል» የሚለውን ንግግር ካንተ እኩዮች አፍ ደጋግሜ ስለ ሰማሁ ነው። እርግጥ ሠርቷል። ነገር ግን የሠራው በመጀመሪያ ጦሩና ስንቁ ይተላለፍበት ዘንድ ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ መንገዱ በጥገና ማጣት ተበላሸ፤ መንግሥትም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣንን አቋቁሞ ከዓለም ባንክ በተበደረው ገንዘብ ያሳድሰው ጀመር። ገበያውንም ቢሆን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲል ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የተባለው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ግን በመንገድም በገበያም አይለካም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ጭፍጨፋ፥ በባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ ብዙ ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ መሥሪያ ቤቶች ሲደራጁ የተማረ ሰው ጠፋ፤ ከውጭ አማካሪና አስተማሪ በደመወዝ ማስመጣት ግድ ሆነ። አንድ ልጅ ከፊደል ተነሥቶ መሐንዲስ እስኪሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝና፥ ይህን ከአስፋልት ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አልችልም።

ስለ ካሣ ትጠይቀኝ ይሆናል። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንድትከፍል ወሰነ፤ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፥ ለዩጎዝላቪያም 125 ሚሊዮን ተቆርጦ ነበር። ስለ አከፋፈሉ ስምምነት የተደረገው በ1948 ዓ.ም. ነው። በካሣውም የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ጠቅሞናል፥ አልክድም፤ ነገር ግን የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ ስለ ነበረ፥ ካሣው ለከፋዩም አገር ሥራና ገቢ ሆነለት።

አያቴ በሣጥናቸው ውስጥ አንድ እፍኝ የሊሬ ወረቀት ያኖሩ ነበር። ጠላት ጠገራውን ብር በሊሬ ሊተካ ሲነሣ የተቀበሉት ነው። በልጅነቴ እንድጫወትበት ሰጡኝ። «በሬዬን የሸጥሁበት ነው» አሉኝ።