ከጀርባ ወደ ጉያ

የደባርቅ ወይም የጃናሞራ ልጅ ድብ አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ጠቦት የነጠቀውን አውሬ ገድሎ በጉን ካስጣለው ከብላቴናው ዳዊት ታሪክ ነው። ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ለስላሳው ድብ ግን የዘር ሐረጉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ አደን ወጥቶ፣ ታስሮ የቀረበለትን ድብ አልተኩስም አለ። ወሬው በጋዜጣ ካርቱን ወጣ፤ የብሩክሊኑ ባለሱቅ ሞሪስ ሚችተምም የጨርቅ ድብ አሰፍቶ በፕሬዚዳንቱ ስም ሸጠው።

የእኛ አሻንጉሊት ባለሱቅ አያውቅም ነበር። ልጅቱ እንጨት ላይ ቡትቶ ትጠቀልላለች፤ አንገቱን በክር ሸብ ታደርጋለች፤ ከእናቷ አሮጌ ነጠላ ጥለት ቀዳ አሻንጉሊቷን ታለብሳታለች። ከዚያ አታቅፋትም፤ ታዝላታለች። ጎንበስ ብላ ጨርቁን ደረቷ ላይ ትቋጥርና ወገቧን እያወዛወዘች እሹሩሩ ትላለች። ዕቃ ዕቃው ከዚያ ይቀጥላል። ወንዱ የጭቃ በሬ ይሠራል፤ እረኛ ሲሆን ደግሞ ልቡ ወደ ግልገል ያደላል። ግልገሏ አድጋ ለበዓል የታረደች ቀን የሚሆነውን ያደረሰበት ያውቀዋል።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሕፃን ሙጥኝ የሚለው ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት ከእናቱ መለየትን የሚለማመድበት ነገር ነው ብሏል። ልክ ነው፤ ይበልጥ የሚሠራው ግን ብቻውን ለሚተኛ ልጅ ይመስለኛል። የደጋው ልጅ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ቡልኮ ተጠቅልሎ ነው የሚያድረው። የቸገረው በቀን የሚያዝለው ነገር እንጂ በሌሊት የሚያቅፈው አልነበረም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ከሸክላ አንበሳና የሰው ምስል እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። ሸክላ ደግሞ ይሰበራል፤ ታቅፎ አይተኛም። ከማኅበረሰቡ ብዙ ሰው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄደ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓዘ፤ ልጆቹም ከለበሱት ሌላ ብዙ አልያዙም።

አሁን ከተሜው ልጅ የራሱ አልጋ፣ አንዳንዴም የራሱ ክፍል አለው፤ ድቡም የገባው በዚያ በር ነው። አልቃወምም። የጎንደር ልብስ ሰፊዎች ሆይ፣ ከመኪናችሁ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ አይጠፋም፤ እስቲ ደረቱ ቀይ የሆነ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ስፉልን።